እንጨት ላይ የሚበቅሉ ጥቃቅን ሲኒ መሳይ ፈንገሶችን እንዴት እንለያለን? ደረጃ በደረጃ

አንድ ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። ከበሰበሰ ግንድ ላይ የተነሳ ፎቶ ይላክልኛል። ፎቶው ላይ ቀይ ወይም ቢጫ ነጠብጣብ የሚመስሉ ጥቃቅን ሲኒዎች አሉ። ከሥሩ «ይሄ ምንድነው?» የሚል ጽሑፍ ይከተላል። አብዛኛውን ጊዜ የምመልሰው «ከዚህ ፎቶ ብቻ መናገር አይቻልም» ብዬ ነው። ጠያቂው ቅር እንደሚለው አውቃለሁ። ግን እነዚህን ፈንገሶች የሚለያቸው ቀለማቸው ብቻ አይደለም። የበቀሉበት እንጨት፣ የሲኒው ጠርዝና ጀርባ፣ በመጨረሻም ስፖራቸው (ፈንገሱ የሚራባበት፣ እንደ ዘር ያለ ደቃቅ ቅንጣት) ነው የሚለያቸው። እነዚህ ደግሞ ከላይ ወደ ታች በተነሳ ፎቶ ላይ አይታዩም።

ስለዚህ መንገዱን ከጫካው እስከ ማይክሮስኮፑ ድረስ እዚህ አስቀምጫለሁ። ማይክሮስኮፕ የሌላችሁም እስከ 5ኛው ደረጃ ያለውን ሥሩ፤ ከዚያ በ10ኛው ደረጃ ላይ ካሉት መግለጫዎች ጋር አስተያዩ። ብዙዎቹን እስከ ወገናቸው (ጂነስ፣ ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚይዝ ቡድን) ድረስ ታደርሷቸዋላችሁ።

አንድ ነገር አስቀድመን እንያዝ። እዚህ የምናወራላቸው ፈንገሶች ስፖራቸውን የሚያመርቱት በሲኒው ውስጠኛ ገጽ ላይ ነው። ገጹን በማይክሮስኮፕ ስታዩት ረጃጅም ከረጢቶች ጎን ለጎን ተሰልፈው ቆመዋል። በእያንዳንዱ ከረጢት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ 8 ስፖር ይኖራል። ሲበስል የከረጢቱ ጫፍ ይከፈትና ስፖሮቹ ወደ አየር ይተኮሳሉ። በከረጢቶቹ መካከል ቀጫጭን ክሮች ይቆማሉ። ከረጢቱ፣ ስፖሩና ክሩ፤ የማይክሮስኮፑ ሥራ በሙሉ በነዚህ ሦስቱ ላይ ነው። ሁሉም ጎድጓዳ ናቸው ማለት ግን አይደለም። አንዳንዶቹ ዝርግ ሳህን፣ አንዳንዶቹ ደግሞ እብጥ ያለ ትራስ ይመስላሉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለጫካው፦

- 10 እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ። ባለ20ውን ቆይታችሁ መጨመር ትችላላችሁ። የሚያሳየው ቦታ ጠባብ ስለሆነ ጀማሪን ያደክማል።
- ስለታም ቢላ፣ ለጠንካራ እንጨት ደግሞ ትንሽ መጋዝ።
- ክዳን ያላቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ሳጥኖች። ፌስታል አይሆንም፤ ናሙናው ይጨፈለቃል።
- ትንሽ ጠርሙስ ውሃ ከጠብታ ማንጠባጠቢያ ጋር።
- የሚሊ ሜትር መስመር ያለው ማስመሪያ።
- ደብተርና እርሳስ። የአንዳንድ እስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይጠፋል።
- ቀረብ አድርጎ ማንሳት የሚችል ስልክ ወይም ካሜራ።

ለቤት፦

- የ40 እና የ100 ኦብጀክቲቭ (ከናሙናው በኩል ያለው አጉሊ ሌንስ) ያለው ማይክሮስኮፕ፣ ለባለ100ው በሌንሱና በስላይዱ መካከል የሚጨመር የኢመርሽን ዘይት።
- በዐይን መመልከቻው ውስጥ የሚገባ መለኪያ መስመር፣ እሱን ለማስተካከል ደግሞ ስቴጅ ማይክሮሜትር፤ ርዝመቱ የታወቀ መስመር ያለበት ስላይድ ነው።
- ስላይድና ስስ መሸፈኛ ብርጭቆ።
- አዲስ ምላጭ፣ ጫፉ ሹል የሆነ ወረንጦ፣ መርፌ።
- ንጹህ ውሃ። ከሁሉም በላይ የምትጠቀሙት እሱን ነው።
- ሉጎል የሚባለው የአዮዲን ፈሳሽ።
- ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ የፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ፈሳሽ።
- በላክቲክ አሲድ የተዘጋጀ ኮተን ብሉ የሚባል ማቅለሚያ።

ማስጠንቀቂያ

እነዚህን ፈንገሶች አትቅመሱ፣ አትብሉም። መለየት መቻል ለምግብነት መፍቀድ አይደለም።

ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዐይን ያቃጥላል። ጓንትና የዐይን መከላከያ አድርጉ። ኦብጀክቲቩን ከነካም ሌንሱን ይጎዳዋል፤ ስለዚህ ስላይዱ ላይ የተረፈውን ፈሳሽ በሶፍት ሳታደርቁ ወደ ማይክሮስኮፑ አትውሰዱ።

ሜልዘር የሚባለው ሌላው የአዮዲን ፈሳሽ መርዛማ የሆነ ክሎራል ሃይድሬት አለበት። በእጃችሁ ከሌለ አትፈልጉት። ለዚህ ሥራ ሉጎል ይሻላል፤ ምክንያቱን 9ኛው ደረጃ ላይ ታገኙታላችሁ።

የተጠበቀ ደን ውስጥ ከሆናችሁ ቁራጭ እንጨት ለማንሳትም ፈቃድ ሊያስፈልግ ይችላል። አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ደረጃ 1፦ ከመንካታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ

ቢያንስ አራት ፎቶ ያስፈልጋችኋል። አንደኛው ግንዱን ከነአካባቢው የሚያሳይ። ሁለተኛው ሲኒዎቹ ተሰብስበው ወይም ተበታትነው መብቀላቸውን የሚያሳይ። ሦስተኛው ማስመሪያ አጠገባቸው ተደርጎ ከላይ የተነሳ። አራተኛው ከጎን የተነሳ፣ ጠርዙ፣ ጀርባውና እግሩ የሚታይበት።

አራተኛውን ነው ሰው ሁሉ የሚረሳው። እኔ የሚላኩልኝን ፎቶዎች ለመመለስ የምቸገረውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ስለሌለ ነው። እግር አለው የለውም፣ ጀርባው ፀጉራም ነው ልሙጥ፣ እነዚህ ጥያቄዎች ብቻቸውን ብዙ ወገኖችን ያስወጣሉ።

ፍላሽ አትጠቀሙ። እርጥብ ሲኒ ላይ ብርሃኑ አንጸባርቆ ቀለሙን ነጭ ያደርገዋል። ጥላ ውስጥ ሆናችሁ ስልኩን የሆነ ነገር ላይ አስደግፋችሁ አንሱ።

ደረጃ 2፦ እንጨቱን መዝግቡ

ብዙ ሲኒ መሳይ ፈንገሶች በእንጨት ምርጫቸው ጥብቅ ናቸው። የእንጨቱን ዓይነት ካወቃችሁ ፍለጋው በአንድ ጊዜ ይጠባል። እነዚህን ጻፉ፦

- ዛፉ ምንድነው? ስሙን ካላወቃችሁ ቢያንስ ቅጠለ ሰፊ ይሁን እንደ ጥድ ያለ ባለ መርፌ ቅጠል ለዩ። አካባቢው ላይ የወደቁትን ቅጠሎችና ፍሬዎችም አንሱ።
- ፈንገሱ የወጣው ቅርፊቱ ላይ ነው፣ ቅርፊቱ በተላጠ እንጨት ላይ ነው፣ ወይስ በተቆረጠው ጫፍ ላይ?
- እንጨቱ ምን ያህል በስብሷል? ጥፍር ይገባዋል? ውሃ ያዘለ ነው?
- የእንጨቱ ቀለም ተለውጧል? አረንጓዴ፣ ጥቁር መስመር፣ የጠቆረ ገጽ ካለ ጻፉ።
- አሮጌ ፈንገስ ላይ ነው የበቀለው? አንዳንድ ጥቃቅን ሲኒዎች የሚወጡት እንጨቱ ላይ ሳይሆን በላዩ ባለ ጥቁር ቅርፊት መሳይ ፈንገስ ላይ ነው። በሌንስ ካላያችሁት ሁለቱን አትለዩአቸውም።

ቀንና ቦታ መጻፍም አትርሱ። ናሙናው ያለ ቀንና ቦታ ለማንም አይጠቅምም።

ደረጃ 3፦ በሌንስ በደንብ እዩ

ሌንሱን ወደ ዐይናችሁ አስጠጉ፤ ከዚያ እንጨቱን ወደ ሌንሱ አምጡ። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ያደርግና «ምንም አይታየኝም» ይላል።

አንድ ለጋ፣ አንድ የበሰለ፣ አንድ ያረጀ ምረጡ። ሲኒው በዕድሜው ቅርፁን ይለውጣል፤ ለጋው ዝግ ኳስ ሊሆን ይችላል፣ የበሰለው ሳህን ይሆናል፣ ያረጀው ተገልብጦ እብጥ ይላል። ሦስቱን ካላያችሁ አንድን ፈንገስ ሦስት አድርጋችሁ ትቆጥሩታላችሁ።

የምታዩት ይህንን ነው፦

ስፋቱ። በማስመሪያ ለኩ። «ትንሽ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። ግማሽ ሚሊ ሜትር እና 5 ሚሊ ሜትር ሁለቱም ትንሽ ናቸው፤ ግን እጅግ የተራራቁ ናቸው።

ጠርዙ። ፀጉር አለው? ካለው ጥቁርና ቀጥ ያለ ነው ወይስ ነጭና ለስላሳ? የፀጉሩ ጫፍ ላይ ጠብታ ይታያል? ጠብታው ሲደርቅ ስለሚጠፋ አሁኑኑ ጻፉት።

ጀርባው። ልሙጥ፣ ዱቄታም ወይስ ፀጉራም? ከውስጡ ጋር አንድ ቀለም ነው?

እግሩ። አለው? ርዝመቱ ከሲኒው ስፋት ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል ነው? መሠረቱ ጥቁር ነው?

ሥጋው። በመርፌ ነካ አድርጉት። ሰም የሚመስል ነው፣ ጄሊ ነው ወይስ ቆዳ? ብርሃን ያሳልፋል?

ደርቆ ከተጠቀለለ ጠብታ ውሃ አድርጉበትና ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ። ብዙዎቹ እንደገና ይከፈታሉ። ሲደርቁ የሚያሳዩት ቀለም እውነተኛው ቀለማቸው ላይሆን ስለሚችል ሁለቱንም ጻፉ።

ደረጃ 4፦ መሳዮቹን አስወጡ

ሲኒ የሚመስል ሁሉ የዚህ ቡድን አይደለም። ወደ ማይክሮስኮፕ ከመሄዳችሁ በፊት እነዚህን አጣሩ።

ላይከን። ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት ነው። የላይከን ጥቃቅን ሳህኖች እንጨት ላይ በብዛት ይገኛሉ። ዙሪያቸውን እዩ፤ ከሥራቸው የተነጠፈ አመድማ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ገጽ አለ። ገጹን በጥፍር ብትፍቁት ከሥሩ አረንጓዴ የአልጌ ንብርብር ይወጣል።

የወፍ ጎጆ ፈንገስ። ሳያተስና ክሩሲቡለም የሚባሉት ወገኖች ናቸው። ጽዋው ውስጥ ጥቃቅን እንቁላል የሚመስሉ ዝርግ ፍሬዎች አሉ። ለጋው በክዳን የተሸፈነ ነው። ፍሬዎቹ በዝናብ ተረጭተው ካለቁ ባዶ ጽዋ ብቻ ይቀራል፤ ያኔ ያደናግራል። አጠገቡ ፍሬ የያዘ ሌላ ፈልጉ።

ጄሊ ፈንገሶች። ኤክሲዲያ የሚባለው ጥቁር ወገን ቡልጋሪያ ከሚባለው እውነተኛ የሲኒ ቡድን አባል ጋር ይምታታል። የበሰለ ቡልጋሪያን ውስጠኛ ገጽ በጣት ስታሹት ጥቁር ስፖሩ ጣታችሁን ያጠቁራል። ኤክሲዲያ አያጠቁርም።

የደረቀ ኔክትሪያ እና ዘመዶቹ። ቀይ ወይም ብርቱካናማ ጥቃቅን ኳሶች ናቸው። ሲደርቁ መሃላቸው ይሰምጥና ሲኒ ይመስላሉ። ውሃ ስታደርጉባቸው አብጠው ኳስ ይሆናሉ። አናታቸው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች።

ዝልግልግ ሻጋታ። አንዳንዶቹ ዱቄታቸው ከበነነ በኋላ ባለ እግር ጽዋ ትተው ይሄዳሉ። ጽዋው በጣም ስስና ደረቅ ነው፤ ውስጡ የዱቄት ወይም የክር ቅሪት ይገኛል።

ሲኒ የሚመስሉ የእንጉዳይ ዘመዶች። ላክኔላ የሚባለው ነጭ ፀጉራም ወገን ከነዚህ አንዱ ነው። እነዚህን በሌንስ መለየት ይከብዳል። በማይክሮስኮፕ ግን ከረጢት የላቸውም፤ ስፖራቸው ከውጭ በቀንድ መሳይ ጫፎች ላይ ተቀምጦ ይታያል። ስለዚህ ነጭ ፀጉራም ጥቃቅን ሲኒ ካገኛችሁ እስከ 7ኛው ደረጃ ድረስ ስም አትስጡ።

ደረጃ 5፦ ከነእንጨቱ ቆርጣችሁ ውሰዱ

ሲኒውን ብቻ አትንቀሉ። ከሥሩ ያለውን እንጨት ጨምራችሁ ቁረጡ። እንጨቱ እርጥበት ይጠብቅለታል፣ መሠረቱም አይጎዳም፣ ዛፉን በኋላ ለማጣራትም ይረዳል። ከአሥራ ሁለት የማያንሱ ሲኒዎች ያሉበት ቁራጭ ይበቃል፤ የቀረውን ተዉት።

በአንድ ሳጥን ውስጥ አንድ ናሙና ብቻ። ሁለት ናሙና ከቀላቀላችሁ የአንዱ ስፖር ሌላው ላይ ያርፋል፤ ማታ ስላይድ ላይ የማን እንደሆነ አታውቁም። ቁጥር ስጡት፣ ያንኑ ቁጥር ደብተሩ ላይ ጻፉ። ሳጥኑን ፀሐይ ላይ አትተዉት።

ደረጃ 6፦ ስፖር አስጥሉ

ቤት እንደገባችሁ የመጀመሪያው ሥራ ይህ ነው። አንድ የበሰለ ሲኒ ከቁራጭ እንጨቱ ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ከላዩ፣ ሳይነካው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ስስ መሸፈኛ ብርጭቆ አኑሩ። ሳጥኑ ውስጥ እርጥብ ሶፍት ይግባ፤ የሚንጠባጠብ ግን አይሁን። ክዳኑን ዝጉና ሌሊቱን አሳድሩት።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? ከረጢት ውስጥ ያለ ስፖር ገና ያላደገ ሊሆን ይችላል። ተተኩሶ ብርጭቆው ላይ የተለጠፈው ግን የበሰለ ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ልኬት የበሰለ ስፖር ልኬት ነው። ያልበሰለ ለክታችሁ ከመጽሐፉ ጋር ብታነጻጽሩ ወደ ሌላ ዝርያ ትሄዳላችሁ።

ምንም ካልወጣ ፈንገሱ ለጋ ነው። እርጥበቱን ጠብቃችሁ አንድ ሁለት ቀን ጨምሩለት። ሻጋታ ከጀመረ ግን ወዲያው ክፈቱት።

ደረጃ 7፦ በመጀመሪያ በውሃ ብቻ እዩት

ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አድርጉ። ሲኒውን በምላጭ መሃል ለመሃል ለሁለት ክፈሉት። ከአንዱ ግማሽ ፊት ላይ የምትችሉትን ያህል ስስ ቁራጭ ላጡ። ግማሽ ሚሊ ሜትር ለማይሞላ ሲኒ ይህ አይመችም፤ ሩቡን ወስዳችሁ ውሃው ላይ አድርጉት። መሸፈኛውን በአንድ በኩል አሳርፉና ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፤ አረፋ እንዳይገባ ነው። ከዚያ በእርሳስ ጀርባ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉት። ከረጢቶቹ ይበታተናሉ።

በውሃ የምንጀምረው ሕይወት ያላቸውን ህዋሶች ለማየት ነው። ህዋስ ሲሞት ይኮማተራል። በስፖሩ ውስጥ ያሉ የዘይት ጠብታዎች ይዋሃዳሉ ወይም ይጠፋሉ። በክሮቹ ውስጥ ያለው ቀለምና የሚያንጸባርቅ ፈሳሽም ይሄዳል። ማቅለሚያም ሆነ ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ ህዋሱን ይገድለዋል። ኦርቢሊያ የሚባለውን ወገን ያለ ትኩስ ናሙና እና ያለ ውሃ ለመለየት መሞከር ጊዜ ማባከን ነው። በስፖሩ ውስጥ ያለው መለያ አካል ከህዋሱ ጋር አብሮ ይሞታል።

የማይክሮስኮፑን የብርሃን መክፈቻ ጠበብ አድርጉት። አብዛኞቹ ስፖሮች ቀለም የለሽ ስለሆኑ በደማቅ ብርሃን ይጠፋሉ። እየጠበበ ሲሄድ ጠርዛቸው ይወጣል።

ይህንን መዝግቡ፦ በከረጢቱ ውስጥ ስንት ስፖር አለ? የስፖሩ ቅርፅ ምንድነው? ስንት የዘይት ጠብታ አለው? መሃሉ ላይ ግድግዳ አለ? የክሮቹ ጫፍ ክር ነው፣ ያበጠ ነው፣ ወይስ እንደ ጦር የሾለ? የጠርዙ ፀጉር ልሙጥ ነው ወይስ ላዩ ሻካራ?

ባዶ ከረጢቶችንም ፈልጉ። ጫፋቸው በክዳን ከተከፈተ፣ ክዳኑ በአንድ በኩል ተንጠልጥሎ ይታያል። በቀዳዳ ከተከፈተ ክዳን የለም። ይህ አንድ ልዩነት ሲኒ መሳዮቹን ለሁለት ትላልቅ ቡድኖች ይከፍላቸዋል። ስለዚህ ፈልጋችሁ ብታገኙት ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል።

ደረጃ 8፦ ለኩ

የዐይን መመልከቻው መስመር በራሱ ማይክሮን አይናገርም። አንድ መስመር በባለ40ው እና በባለ100ው ኦብጀክቲቭ የተለያየ ርዝመት ነው። ስቴጅ ማይክሮሜትሩን ስላይድ ቦታ ላይ አድርጉና ለእያንዳንዱ ኦብጀክቲቭ አንድ መስመር ስንት ማይክሮን እንደሆነ አስሉ። አብዛኛውን ጊዜ የስቴጅ ማይክሮሜትሩ አንድ ክፍል 0.01 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 10 ማይክሮን ነው። ውጤቱን ጽፋችሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ለጥፉ። አንዴ ከተሠራ ያው ማይክሮስኮፕ እስካልተለወጠ ድረስ ያገለግላል።

ከዚያ ብርጭቆው ላይ ከወደቁት ስፖሮች ቢያንስ 20 ለኩ። ርዝመትና ስፋት። ያገኛችሁትን ደርድሩ፤ ትልልቆቹን ብቻ አትምረጡ። ገጹ ላይ ኪንታሮት መሳይ ጌጥ ካለ ጌጡን ሳትጨምሩ ለኩ። የከረጢቱንና የፀጉሩን ርዝመትም መዝግቡ።

ደረጃ 9፦ ፈሳሾቹን በተራ ተጠቀሙ

ሉጎል። ከመሸፈኛው በአንድ በኩል ጠብታ አድርጉ፣ በሌላው በኩል በሶፍት ሳቡ። ፈሳሹ ከሥር ይገባል። የከረጢቱን ጫፍ እዩ። ጫፉ ላይ ያለች ቀለበት ሰማያዊ ትሆናለች? ጫፉ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል? ወይስ ምንም አይለወጥም? በቀዳዳ ከሚከፈቱት ብዙዎቹ ሰማያዊ ቀለበት ያሳያሉ። በክዳን ከሚከፈቱት ደግሞ የፔዚዛ ቤተሰብ ጫፉ በሙሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ስኩቴሊኒያ (10ኛው ደረጃ ላይ ያለው ባለ ሽፋሽፍት ቀይ ሳህን) ግን ምንም አያሳይም። አንዳንዶቹ በሉጎል ቀይ ይሆናሉ። ይህ ቀይ በሜልዘር ሳይታይ ሊቀር ይችላል፤ ሉጎልን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ፖታሺየም ሃይድሮክሳይድ። በሌላ አዲስ ስላይድ ላይ ተጠቀሙበት። አዮዲን ባለበት ላይ ከጨመራችሁት አዮዲኑን ቀለም ያሳጣዋል። የምታዩት ቀለም ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለውን ነው። በአንዳንድ ሞሊሲያዎች (10ኛው ደረጃ ላይ ያሉት አመድማ ሳህኖች) ክሮቹ ቢጫ ይሆናሉ፣ በሌሎቹ አይሆኑም። ሁለቱም መረጃ ነው፣ ሁለቱንም ጻፉ።

ኮተን ብሉ። የስፖሩን ገጽ ጌጥ ያወጣል። ለስኩቴሊኒያ የግድ ነው። ስላይዱን ትንሽ ማሞቅ ማቅለሚያው ቶሎ እንዲይዝ ይረዳል፤ እንዲፈላ ግን አትተዉት።

ደረጃ 10፦ ያገኛችሁትን ከነዚህ ጋር አስተያዩ

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙት እነዚህ ናቸው።

ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሳህን፣ ጠርዙ ላይ ጥቁር ሽፋሽፍት። ስኩቴሊኒያ። እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በደንብ የበሰበሰና ውሃ ያዘለ እንጨት ይወዳል። ወገኑን በሌንስ ብቻ ማወቅ ይቻላል። ዝርያውን ግን አይቻልም። «ስኩቴሊኒያ ስኩቴላታ» የሚለው ስም ለሚገኘው ሁሉ ይለጠፋል፤ እውነቱ ግን ተመሳሳይ መልክ ያላቸው ብዙ ዝርያዎች አሉ። የሚለያቸው የፀጉሩ ርዝመት፣ የፀጉሩ ሥር አከፋፈል፣ የስፖሩ ቅርፅና ጌጥ ነው። እነዚህን ካልለካችሁ «የስኩቴሊኒያ ዝርያ» ብላችሁ አቁሙ።

ሰማያዊ አረንጓዴ ሲኒ፣ እንጨቱም አረንጓዴ። ክሎሮሲቦሪያ። እንጨቱን የሚያቀልመው ራሱ ፈንገሱ ነው። ሲኒው በሌለበት ጊዜም የተቀለመው እንጨት ይታያል። በስፋት ከሚታወቁት ሁለቱ ዝርያዎች የአንዱ ስፖር ከ6 እስከ 8 ማይክሮን ገደማ ይረዝማል፤ የሌላው ከ9 እስከ 14። ሳትለኩ መምረጥ አይቻልም። በአንዳንድ የዓለም ክፍሎች ሌሎች ዝርያዎችም ስላሉ የአካባቢያችሁን ዝርዝር እዩ።

ደማቅ ቢጫ፣ እስከ 3 ሚሊ ሜትር፣ በመቶዎች ተጠጋግቶ። ካሊሲና ሲትሪና። በፊት ቢስፖሬላ ሲትሪና ይባል ስለነበር በሁለቱም ስም ታገኙታላችሁ። ልሙጥ ነው፣ ፀጉር የለውም፣ ብዙውን ጊዜ ቅርፊቱ በተላጠ ቅጠለ ሰፊ ዛፍ ላይ ይወጣል። ቢጫው ፀጉራም ከሆነ ሌላ ነው።

ወይን ጠጅ ወይም ሮዝ ያለ ጄሊ። አስኮኮሪኔ። ለጋው ሲኒ ሳይሆን የተጨማደደ ጉብታ ሊመስል ይችላል። አስኮኮሪኔ ሳርኮይደስ እና አስኮኮሪኔ ሲሊክኒየም በመልክ አይለዩም። ሁለተኛው ረዘም ያለ ስፖር አለው፤ ከ18 ማይክሮን ያልፋል፣ ሲበስልም በበርካታ ግድግዳዎች ይከፈላል።

ነጭ፣ ፀጉራም፣ እግር ያለው። ላክነምን አስቡ። መለያው በክሮቹ ላይ ነው፤ እንደ ጦር የሾሉና ከከረጢቶቹ በላይ ወጣ ያሉ ናቸው። ፀጉሩ በግድግዳዎች የተከፋፈለ፣ ላዩ ሻካራ ነው። ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰ፣ ብርጭቆ የሚመስል፣ ፀጉሩ ልሙጥና ወደ ጫፉ የቀጠነ ከሆነ ሂያሎሲፋ ሊሆን ይችላል።

ጀርባው ነጭ ፀጉራም፣ ውስጡ ብርቱካናማ፣ ጥድ መሳይ ዛፍ ላይ። ላክኔሉላ። እዚህ ላይ ዛፉን ማወቅ ዋጋው ይታያል፤ የዚህ ወገን ዝርያዎች የሚለዩት በከፊል በዛፋቸው ነው።

አመድማ፣ ዝርግ፣ ጠርዙ ነጣ ያለ፣ እግር የለሽ። ሞሊሲያ። በየግንዱ አለ። ዝርያውን ለመለየት ግን ከሁሉም አስቸጋሪው ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ወገኑ ላይ አቁሙ፣ በዚህ አትበሳጩ። ከሥሩ እንደ ሱፍ የተነጠፈ ክር ካለ ያንን ጻፉ፤ ጥሩ መለያ ነው።

ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሰም መሳይ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ፣ ከ2 ሚሊ ሜትር ያነሰ። ኦርቢሊያ። ስፖሮቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ባለ100ውን ኦብጀክቲቭ ተጠቀሙ። ከረጢቶቹ በሉጎል ሰማያዊ አይሆኑም።

ከእንጨቱ ውስጥ ቀድዶ የወጣ ነጭ ዱቄታም ገጽ፣ ዙሪያው የተቀደደ እንጨት። ፕሮፖሊስ። ሲኒ አይመስልም፤ ግን የዚሁ ቡድን ነው።

ቡናማ፣ ባለ እግር፣ የጠቆረ ጭራሮ ላይ። ሩትስትሮሚያን አስቡ። ጭራሮውን ቆርጣችሁ ጥቁረቱን እዩ።

ደማቅ ቀይ፣ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ፣ አፈር በሸፈነው ጭራሮ ላይ። ሳርኮሲፋ። ዝርያዎቹን ለመለየት የጀርባውን ጥቃቅን ፀጉር በማይክሮስኮፕ እዩ፤ የሳርኮሲፋ ኦስትሪያካ ፀጉር የተጠማዘዘ ነው፣ የሳርኮሲፋ ኮክሲኒያ ቀጥ ያለ። በሞቃታማ አገሮች ጥልቅ ጽዋ ይዞ፣ በእግር ቆሞ፣ ሮዝ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ የሚታየው ደግሞ ኩኬይና ሊሆን ይችላል። ከውጭ ረጃጅም ፀጉር ካለው ኩኬይና ትሪኮሎማን መርምሩ።

ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካጋጠማችሁ አትገረሙ። ሲኒ መሳዮቹ በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው።

ደረጃ 11፦ አድርቃችሁ አስቀምጡ

ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባልበለጠ ሙቀት፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አድርቁት። የምግብ ምድጃ አትጠቀሙ፤ ሙቀቱ በዝቶ ናሙናውን ያበስለዋል። ሲደርቅ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጉ። ፕላስቲክ የቀረውን እርጥበት ይዞ ያሻግተዋል። ፖስታውን በደንብ በሚዘጋ ከረጢት አድርጋችሁ አንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ ካቆያችሁት፣ የሚበሉት ጥቃቅን ነፍሳት ይሞታሉ። ፖስታው ላይ ቀን፣ ቦታ፣ ዛፍ፣ የትኩሱ ቀለምና የስፖር ልኬት ይጻፍ።

ብዙ ጊዜ የሚታዩ ስህተቶች

ስልክ የሰጠውን ስም ማመን። የፎቶ መለያ አፕሊኬሽን የሚያየው ቀለምና ቅርፅ ነው። ስፖር አያይም። የሚሰጣችሁን የወገን ስም እንደ ጥቆማ ያዙት፤ የዝርያውን ስም ግን አትውሰዱት።

በመጀመሪያ ማቅለም። ስስ የሆነው መረጃ ከህዋሱ ጋር ይሞታል። ውሃ ይቅደም፣ ሌላው ይከተል።

የውጭ አገር መጽሐፍ ላይ የተገኘውን ስም እንዳለ መለጠፍ። አንድ መጽሐፍ የሚይዘው የተጻፈበትን አካባቢ ዝርያዎች ነው። የእናንተ ፈንገስ መጽሐፉ ውስጥ ላይኖር ይችላል። ልኬቱ ካልገጠመ ልኬቱን እመኑ እንጂ ሥዕሉን አትመኑ።

ባዶ ስላይድ አይቶ መተው። ስፖር ካላገኛችሁ ሌላ ሲኒ ሞክሩ። አንዱ ለጋ፣ ሌላው ያረጀ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ያለው በስሎ ይሆናል።

ቁራጩን ወፍራም መቁረጥ። ከረጢቶቹ ተደራርበው ጥቁር ጉብታ ብቻ ይታያል። ምላጩን ቀይሩ። አንድ ምላጭ ለጥቂት ቁራጭ ብቻ ነው ስለቱን የሚይዘው።

ስሙን በግድ እስከ ዝርያ ማድረስ። መረጃችሁ የሚያደርሳችሁ ወገኑ ድረስ ከሆነ እዚያ ጻፉና ናሙናውን አስቀምጡ። አጠገቡ የጎደለውንም ጻፉ፤ «ስፖር አልበሰለም»፣ «ዛፉ አልታወቀም»፣ «በሉጎል አልተሞከረም»። በሌላ ጊዜ ያንኑ ግንድ ስታገኙ ከየት እንደምትጀምሩ ያን ጊዜ ታውቃላችሁ።